ለሲጋል የሰጠሁት ጉርሻ

እጄ ፈጣን ነው። በወጣትነቴ ሰው መትቼበታለሁ፤ በልጄ ላይ ግን አንድም ቀን አላነሳሁትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለመመስገን አይደለም። ያን እሑድ በኤሪ ሐይቅ ዳር ያደረግሁትን በሌላ ሰው እንዳላላክክ ነው።

ጠዋት ከሰፈራችን ከኢስትሙር ተነስተን ከሁለት ሰዓት በላይ ነዳን። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ፣ አሸዋ ላይ የሚፈለፈሉ ትንንሽ ወፎች እንዳሉ አንብባ ሳምንቱን ሙሉ ስትወተውተኝ ነበር። እኔም ከምሠራበት መጋዘን ግድግዳ ሌላ ነገር ማየት አምሮኛል። ነፋሱ ኃይለኛ ነበር። ማዕበሉ ድንጋዩን እየደበደበ የሞተ ዓሣ ይተፋል፤ ሲጋል የሚባሉት ትልልቅ ነጫጭ የውሃ ወፎች የዓሣውን ዓይን ጎልጉለው ሆዱን ይዘረግፋሉ። ልጄ ፊቷን አዞረች።

"እዪው" አልኳት። "ዓለም የሚበላው እንዲህ ነው።"

ከዳርቻው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አንድ ቦታ በገመድ ታጥሯል። አጠገቡ አንዲት ሽበታም ሴትዮ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ያለ ደመወዝ ወፍ እንደሚጠብቁ ልጄ ነገረችኝ። ከገመዱ ወዲያ፣ ቀለሟ ከአሸዋው የማይለይ እናት ወፍ ከአራት ጫጩቶቿ ጋር ትሯሯጣለች። ከተፈለፈሉ ገና ሁለት ቀናቸው ነው፤ በክር ላይ የቆመ ጥጥ ይመስላሉ። ልጄ በደረቷ ተኝታ ትንፋሿን ይዛ አየቻቸው። እንደዚያ ስትደሰት ካየኋት ቆይቶ ነበር።

ሴትየዋ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ተናገሩ።

"አባዬ፣ ለሲጋል ምግብ እንዳትሰጡ ነው የሚሉት" አለች ልጄ። "ከተሰበሰቡ ጫጩቶቹን ይበሏቸዋል።"

"ለእትዬ እሺ በያቸው።"

ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብለን ጨርቅ አንጥፈን እንጀራና ጥብሳችንን ከፈትን። አንድ ሲጋል መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። ጎረስኩ፤ አየኝ። ደግሜ ጎረስኩ፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጉሮሮዬን አየ። እኔ ያደግሁት በሚያይ ዓይን ፊት አይበላም ተብዬ ነው፤ ልጅም ይሁን ድመት ቀድሞ ይቆረስለታል። ልጄንም ያሳደግኋት በዚሁ ነው። ጠቅልዬ ወረወርኩለት።

"ዳድ" አለች። "አሁን እኮ ነው የተነገረህ።"

"አንድ ጉርሻ ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።"

"ሲጋል ጎረቤት ነው እንዴ?"

"አንቺ ደግሞ ልታስተምሪኝ ነው?"

አዎ፣ ልታስተምረኝ ነበር።

ሲጋሉ ውጦ ጮኸ። ወዲያው ሰማዩ ክንፍ ብቻ ሆነ። አንዱ ከጣቶቼ መሐል ሲነጥቅ አውራ ጣቴን ቀደደው። ሌሎቹ ሳህኑን ገልብጠው በጥብሱ እርስ በርስ ተናከሱ። ምግቡ ሲያልቅ አልሄዱም። ተነስተው ገመዱን ተሻገሩ።

የመጀመሪያውን ጫጩት አንዱ እንዳለ ዋጠው። ሁለተኛውን ሁለት ሆነው ከሁለት ጎተቱት። እናቲቱ አንድ ክንፏን እየጎተተች ፊታቸው ተንፏቀቀች፤ የተሰበረች መስሎኝ ነበር። "እያስመሰለች ነው፣ ወደ ራሷ ልትስባቸው ነው" አለች ልጄ እያለቀሰች። ማንም አልተከተላትም። ሦስተኛውንም ወሰዱት።

ጨርቁ ላይ ያኖርኩትን ጃንጥላ ይዤ ገመዱን ዘለልኩ። ያገኘሁትን ሲጋል ክንፉን መታሁት፤ እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሰማሁት። ወደቀ። በወደቀበት ደገምኩት። ሠለስኩት። ከሞተ በኋላ እንኳ አላቆምኩም፤ ሴትየዋ እየጮሁብኝ ነበር፣ እኔ ግን የምሰማው ጃንጥላውን ብቻ ነበር።

"አባዬ፣ አትንቀሳቀስ። እግርህ ሥር ነው።"

ቁልቁል አየሁ። አራተኛው ጫጩት ከጫማዬ ጫፍ በአውራ ጣት ርቀት አሸዋው ላይ ተጣብቋል። እግሬን ባነሳ ሲጋሎቹ ይወስዱታል፤ ባንሸራትት እኔው እጨፈልቀዋለሁ። ቆምኩ። ከጣቴ የሚንጠባጠበው ደም አጠገቡ ያርፋል። ሲጋሎቹ ከራሴ በላይ ይዞራሉ፤ ልጄና ሴትየዋ ከገመዱ ውጭ ፎጣ እያራገቡ ያባርሯቸዋል። እናቲቱ ከብዙ ቆይታ በኋላ መጥታ ስትጠራው ከጥላዬ ወጥቶ ሮጠ፤ ሆዷ ሥር ገባ።

የእግሬን ዱካ እየረገጥኩ ወጣሁ። ሴትየዋ ሲጋሎቹን ማን እንዳበላቸው ጠየቁ። ልጄ አልተረጎመችልኝም፤ እንዲያው አየችኝ። ጥያቄውን ለመረዳት ግን የእኔም እንግሊዝኛ ይበቃ ነበር።

"እኔ ነኝ በያቸው። አንቺ ነግረሽኝ እንቢ እንዳልኩም ንገሪያቸው።"

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ምንም አልቀነሰችልኝም። ሴትየዋ አልተሳደቡም። ከገመዱ ማዶ ያለውን ክፍት ጎን እንድጠብቅ አሳዩኝ። ተተኪያቸው እስኪመጣ ድረስ፣ ከሰዓቱን በሙሉ፣ ጀርባችንን ለሐይቁ ሰጥተን እዚያ ቆምን። ስንሄድ ጫጩቱ በሕይወት ነበር።

መኪና ውስጥ ልጄ ራበኝ አለች። አንድ ዳቦ ቀርቶን ነበር። መስኮቱን ዘግቼ ስቆርስ አንድ ሲጋል መኪናው አፍንጫ ላይ አርፎ በመስታወቱ አየን። እጄ ወደ መስኮቱ ቁልፍ ሄደ። ልጄ እጄን አየች።

መለስኩት። "ብዪ" አልኳት።

ዓይኑ ዓይናችን ላይ እንደተተከለ በላን። አልጣፈጠኝም። እስከ ፍርፋሪው ጨረስኩት።