ወንድሜና የቀዝቃዛው ቡና አረፋ

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። በሰፈሩ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም «ምላጩ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት በሙያው እንዳይመስላችሁ፣ በምላሱ ነው። እኔ ታናሽ እህቱ ስለሆንኩ ጋሼ እለዋለሁ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ አብረን ነው የምንኖረው። ማን ማን ቤት እንደሚኖር ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ሱቁ መንገዱ የሚታጠፍበት ጥግ ላይ ናት፤ ሁለት ወንበር፣ ሁለት መስታወት፣ ደንበኛ የሚጠብቅበት አንድ አግዳሚ። ጋሼ ፀጉር እየቆረጠ የማያቅደው ነገር የለም። የሰውየውን አንገት በፎጣ ጠቅልሎ «ዘንድሮ ጊታር እማራለሁ» ይላል። ጢሙን እየላጨ «ጣራዬ ላይ አትክልት እተክላለሁ» ይላል። ጊታሩ ተገዝቶ አልጋው ሥር ገባ፣ አትክልቱ ከዘሩ ፓኬት አልወጣም። የቤታችን በር ደግሞ ግማሹ አረንጓዴ ግማሹ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል፤ እንግዳ ሲመጣ «እንዲህ ነው የወደድነው» እላለሁ።

ሰነፍ ነው ማለቴ አይደለም። ሥራው ላይ ብታዩት ከእሱ በላይ የሚጠነቀቅ የለም። ጢም ከመላጨቱ በፊት ፊት አጥቦ ያደርቃል፤ ምላጩን በብርሃን ያያል፤ የፀጉር መቁረጫ ማሽኑን፣ ቶንዶሱን፣ ባስነሣ ቁጥር አስቀድሞ ሁለት ጠብታ ዘይት ጠብ ያደርግበታል። ይህንን ሲያደርግ ዓይኑ እንኳ እዚያ አይደለም፣ እጁ ብቻውን ነው የሚሠራው። ከሱቁ ሲወጣ ነው ነገሩ ሁሉ ጅምር ሆኖ የሚቀረው።

ከሱቁ ጥቂት በሮች አልፎ ልብስ የምትሰፋ ሴት አለች። እሷም ባሏ የሞተባት ናት፤ በወጣትነቷ ግሪክ አገር አንድ ቤተሰብ ዘንድ ሠርታ የተመለሰች፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ ሳቋ ግን ሲመጣ ሙሉ። ጋሼ ሰውን ሁሉ አንተ፣ አንቺ እያለ እሷ ጋ ሲደርስ አንቱታ ያበዛል። ልቡ እሷ ዘንድ መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ።

በኋላም ለጋብቻ እንድጠይቅለት እኔኑ ላከኝ። ሄጄ ነገርኳት። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። ከዚያ «ወንድምሽ ደግ ሰው ነው» አለችኝ፤ «ሟቹ ባሌም ደግ ነበር፣ አፉ ማር ነበር፣ ግን አደርጋለሁ ያለውን ሁሉ ስጠብቅ ዕድሜዬ አለቀ። አሁን የሚያወራ ሳይሆን ያወራውን የሚጨርስ ሰው ነው የምፈልገው።» ለጋሼ ይህንን እንዳለ ማድረስ አልሆነልኝም። «ታስብበታለች» ብዬ አለፍኩ።

አንድ ቀን ምሳውን ላደርስለት ሱቅ ገባሁ። ሙቀቱ ሰው የሚያቀልጥ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ደንበኞች ሲቆረጡ የሚለብሷቸውን ነጭ ጨርቆች ጠርዛ አምጥታ እየቆጠረች ታስረክባለች። አግዳሚው ላይ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ተቀምጧል፤ ሰው ወሬ ሲያፈጥን «ቀስ፣ ቀስ» ስለሚል ፍሬኑ ይባላል። የሚቆረጥ ፀጉር ከቀረበት ዓመታት አልፈዋል፣ የሚመጣው ለወሬው ነው።

ልብስ ሰፊዋ ግንባሯን እየጠረገች፣ እንዲህ ባለው ቀን ግሪክ አገር የሚጠጣው ቀዝቃዛ ቡና ነበር አለች። በረዶ ያለበት፣ ረጅም ብርጭቆ የተሞላ፣ ከላዩ አረፋው ጥቅጥቅ ብሎ የተቀመጠ፤ ቡናው ከሥር አልቆ እንኳ አረፋው አይወርድም። ከተመለሰች ወዲህ እንደዚያ ያለ አልቀመሰችም።

«አረፋ ነው ያሉት?» አለ ጋሼ፣ መቀሱን አየር ላይ አቁሞ። «አረፋማ የእኔ ሥራ አይደል እንዴ። ቤት ይምጡ፣ የግሪኮቹን የሚያስረሳ እሠራልዎታለሁ።»

«የሚጠጣ ነው ያሉህ እኮ» አለ ፍሬኑ፣ «የሚላጭ አይደለም።»

ሱቁ በሳቅ ሞላ። እሷ ግን አልሳቀችም። ጨርቁን አስረክባ ስትጨርስ ወደ በሩ ሄደች፤ ጋሼም ሊሸኛት ተከተላት። እኔ በሩ አጠገብ ስለነበርኩ ሰማሁ።

«ሱቅ በሚዘጉበት ቀን ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አረፋው ከቆመ፣ እህትዎን የላኩበትን ጉዳይ ከራስዎ አፍ እሰማለሁ። ካልቆመ ደግሞ እንደ እስከ ዛሬው በጉርብትናችን እንኑር፤ ነገሩ ሁለተኛ አይነሳ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጋሼ ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ እንደ ጨርቆቹ ነጭ ሆኖ ነበር። ያን ቀን የተቆረጡት ደንበኞች ሁሉ ወሬ ሳይሰሙ ነው የወጡት።

የዚያኑ ዕለት ምሽት ወጥ ቤቴ የእኔ መሆኑ ቀረ። በመጀመሪያ የተፈላ ቡና አቀዘቀዘ፤ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገልብጦ በጢም ብሩሽ ይመታው ጀመር። ብሩሹ አዲስ ነው ብሎ ማለልኝ፤ እኔም ያመንኩ መሰልኩ። ክንዱ እስኪዝል መታው። ጥቂት ትልልቅ አረፋ ብቅ ብሎ ጧ፣ ጧ እያለ ፈነዳ። በማግስቱ እኔው ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ብቅ ብዬ፣ ሌላ ነገር የምጠይቅ መስዬ አወጣጣኋት። ለካ ቡናው የተቆላና የተፈጨው አይደለም፤ በቆርቆሮ የሚሸጠው፣ ውሃ ሲነካው የሚሟሟው ነው። ውሃውም መጀመሪያ ጥቂት ብቻ ነው፣ ዱቄቱን የሚያርስ ያህል። ወተት የሚፈልግ መጨረሻ ላይ ይጨምራል፤ ቀድሞ ከገባ አረፋውን ይገድለዋል።

ይህንን ስነግረው ጋሼ ጠረጴዛውን መታ። «ሳሙናም እንዲሁ ነው! ውሃ ከበዛበት አረፋ አይነሳም። አላልኩሽም የእኔ ሥራ ነው?»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ጉጉት ልጅ ሆነን እንኳ አላየሁበትም። በእጅ መምታት አይበቃም፣ ፍጥነት ነው የሚያስፈልገው ብሎ ከአሮጌ ቶንዶስ ውስጥ ትንሿን ሞተር አወጣ። ቀጭን ሽቦ ቀለበት አድርጎ ጫፏ ላይ አሰረ። ማብሪያዋን ሲጫን እንደ ተናደደ ተርብ ጮኸች፤ የመጀመሪያው ቡና ግማሹ ጣራው ላይ፣ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ሄደ። ሁለተኛውን ብርጭቆ በክዳን ሸፍኖ፣ ሽቦውን በቀዳዳው አስገብቶ አስነሣት። ጥቁሩ ነገር ቡናማ ሆነ፣ ቡናማው ነጣ፣ ከዚያ ወደ ላይ ማበጥ ጀመረ። አረፋው እስከ ብርጭቆው አፍ ደረሰ። ጋሼ እጄን ጨበጠኝ።

ከዚያ አረፋው ዓይን ዓይን አወጣ። እዚህም ቀዳዳ፣ እዚያም ቀዳዳ፤ ስናየው ስናየው እንደተነፈሰ ኳስ ሟሽሾ ወረደ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያልተሞከረ ነገር የለም። ስኳር ተጨመረ፣ ስኳር ተቀነሰ። ውሃው ቀዘቀዘ፣ ለብ አለ። ብርጭቆው በረዶ ውስጥ ተቀበረ። ሌላ ዓይነት የቆርቆሮ ቡና ተገዛ። ሁልጊዜ ያው ነው፤ ይነሳል፣ ያስጨፍረናል፣ ይወርዳል። ቀማሿ እኔ ስለነበርኩ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከቤቴ ጠፋ። ጋሼን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ይህንንም አልጋ ሥር ይከተዋል ብዬ ስጠብቅ ነበር። እሱ ግን ከሱቅ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ይገባል። አንድ ጊዜ ሽቦውን እያሰረ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «እሷን ከማጣት ይሄን አረፋ ሳሳድድ ባረጅ ይሻለኛል» አለ። አንጀቴን በላው። ሌላ ብርጭቆ አጠብኩለት።

ልብስ ሰፊዋ ልትመጣ በዋዜማው ፍሬኑ ሳይጠራ መጣ። ነገሩን ከጅምሩ ያውቃል፤ እሱ ያልሰማው ሹክሹክታ የለም። ማሽኗን አገላብጦ ካየ በኋላ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብሎ ተቀመጠ። ጋሼ በልማዱ መሠረት ዘይቱን አንሥቶ ሞተሯ ላይ ሁለት ጠብታ ጠብ አደረገ፣ አስነሣት፣ አረፋው ተነሣ፣ አረፋው ወረደ። የቀረውን ለፍሬኑ ሰጠው።

ፍሬኑ ጠጣ። ከንፈሩን መጠጠ። ደግሞ ጠጣ።

«ምላጩ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ቡናህ፣ ፀጉር በነበረኝ ጊዜ ተቆርጬ ስወጣ ማጅራቴ ይሸት የነበረውን ይሸታል።»

ጋሼ ብርጭቆውን ነጥቆ አሸተተ። ከዚያ ሞተሯን አየ። ከዚያ ሽቦውን በጣቱ አበሰና ጣቱን አየው። ዘይቱ በሽቦው ላይ እየወረደ ለካ በየብርጭቆው ሲገባ ኖሯል።

«ፊታቸውን ቅባት ተቀብተው የሚመጡትን» አለ በመጨረሻ፣ «ሁለት ጊዜ ነው በሳሙና የማጥባቸው። ለምን? አረፋ አይዝማ! ቅባት ባለበት አረፋ አይቆምማ! ሠላሳ ዓመት ለሰው ሁሉ የማስተምረው እኮ ነው።» ቀጥሎ ራሱን ይዞ መሳቅ ጀመረ። እኛም ተከተልነው።

ማሽኗ ያለ ዘይት ስትሞከር ጥርስ በሚያፋጭ ድምፅ ጮኸች፤ ስለዚህ እሷ ተሰናበተች። ጋሼ ክዳን ያለው የጃም ጠርሙስ መረጠና በሙቅ ውሃና በሳሙና ሁለት ጊዜ አጠበው፤ ክዳኑንም እንደዚያው። ቡና፣ ስኳር፣ ጥቂት ውሃ ጨምሮ ግጥም አድርጎ ዘጋው፣ በሁለት እጁ ይንጠው ጀመር። ክንዱ ሲዝል ለእኔ ሰጠኝ፣ እኔ ስደክም ለፍሬኑ አቀበልኩት። ሽማግሌው መሪ እንደያዘ ሰው ወገቡን እያወዛወዘ ናጠው። ክዳኑ ሲከፈት ውስጡ ያለው ነገር የሚፈስ አልነበረም፤ በማንኪያ ነው የወጣው። በረዶ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨምረን ቀዝቃዛ ውሃ በዳር በዳሩ ስናፈስበት፣ አረፋው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተነሣ። ጠበቅን። ፍሬኑ ትንሽ ማንኪያ ከላዩ አስቀመጠበት፤ ማንኪያው አልሰመጠም። ያን ጊዜ ሦስት ያረጁ ሰዎች ወጥ ቤት ውስጥ ተቃቅፈው ዘለሉ ብል ማን ያምነኛል።

በማግስቱ መጣች። ጋሼ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን እኔ ተኩሼለት፣ ጠርሙሱን ይዞ መሀል ወለል ላይ ቆሟል። እሷ ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየዋለች። መናጥ ጀመረ። እኔ ደግሞ አሁንስ እንደገና ቢወርድ እያልኩ ልቤ ከጠርሙሱ ጋር ይናጣል።

አልወረደም። ሰጣት፣ ተቀበለችው። አንድ ጊዜ ተጎነጨች፣ ዓይኗን ጨፈነች። እስከ ግማሽ ጠጥታ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አነሣችና አረፋውን አየች። ከዚያ እንዴት እንደ ተማረው ጠየቀችው።

እዚህ ላይ ጋሼ አንድ ያማረ ታሪክ ይፈጥራል ብዬ ጠበቅሁ፤ ችሎታው አለው። እሱ ግን ያለውን እንዳለ ነገራት። ስለ ብሩሹ፣ ስለ ጣራው፣ በየቀኑ ቡናውን ዘይት እያጠጣን እንዴት እንደሰነበትን፣ ፍሬኑ ማጅራቴን ይሸታል እንዳለው። መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ማጅራቱ ላይ ስትደርስ ብርጭቆውን አስቀምጣ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ጋሼ ጉዳዩን ተናገረ። አላሳመረውም። ምሳውን ሱቅ ውስጥ ብቻውን መብላት እንደሰለቸው፣ እሷ በሱቁ በር ባለፈች ቁጥር የደንበኛ ጆሮ እንዳይቆርጥ እንደሚሰጋ፣ ከዚህ በላይ የሚላት እንደሌለ ነገራት።

ተነሣች። መሄዷ ነው አልኩ። እሷ ግን ወደ መስኮቱ ሄዳ መጋረጃውን ገለጠች፤ ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ አየች። ከቦርሳዋ ሜትር አውጥታ ጫፉን ለእኔ አስያዘችኝና ከግድግዳው እስከ ቁምሳጥኑ ለካች።

«የስፌት መኪናዬ ብርሃን ትፈልጋለች» አለች። «እዚህ ትቆማለች፤ ይሄ ቁምሳጥን ከተነሣ።»

ጋሼ ለአንድ አፍታ ነገሩ አልገባውም። ሲገባው ግን ልብስና ሳህን እንደሞላው ቁምሳጥኑን አቅፎ መግፋት ጀመረ። እኔ ባንድ በኩል ያዝኩለት፤ ውስጡ ብርጭቆው ሁሉ ይንጫጫል፤ እሷ ደግሞ እየሳቀች፣ አይጎትቱት፣ ወለሉን ይፍቀዋል፣ ከሥሩ ያንሱት ትለዋለች።