የወንድሜን እንግሊዝኛ የያዝሁለት ዓመት

እንዶድ ሲወቀጥ የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬን ቆንጠጥ ባደረገኝ ቁጥር ያ ዓመት ይመጣብኛል። ሰሞኑን ጎረቤታችን ከገበያ ገዝታ ደጇ ላይ ስትወቅጠው፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ አስነጥሶኝ እንባዬም አብሮ ሲወርድ፣ አንች የልጅ ልጄ «እማማ፣ ምን ሆኑ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ይኸው እየነገርሁሽ ነው፣ እንደምነግርሽ ጻፊው።

ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ከባሕሩ ደግሞ ከፍ ብሎ ነበር። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፣ ዜማ ያስተምሩ ነበር። እናቴን እጇን ቁርጥማት ይዟት ልብስ ማሸት ስላቃታት ማጠቡ የኔ ሥራ ሆነና፣ እንዶዴን ወቅጬ፣ ልብሱን ተሸክሜ ጣና ዳር ስወርድ እውል ነበር፤ ትምህርት ቤት የሚባል በደጁም አላለፍሁ። ወንድሜ ይሄይስ ግን ከአባቴ ሥር ዜማ ሲማር ኖሮ፣ ጢሙ ማቆጥቆጥ ሲጀምር አባቴ «ዘመኑ የወረቀት ነው» ብለው አስኳላ አስገቡት። ከትንንሾች ጋር ተቀምጦ፣ ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለው፣ እንደ ምንም ስምንተኛ ክፍል ደረሰ።

ስምንተኛ ላይ ሚኒስትሪ የሚሉት ፈተና አለ። ያለፈ ዘጠነኛ ይገባል፣ ተማሪ ነውና ማንም አይነካውም። የወደቀ፣ በተለይ እንደሱ ዕድሜው የደረሰ፣ ስሙ ቀበሌ ይገባና ለብሔራዊ ውትድርና ይጠራል። ከሰፈራችን ሁለት ሄደው ነበር፤ ካንዱ ደብዳቤ መጣ፣ ካንዱ ምንም አልመጣ። እናቴ የዚያኛውን እናት መንገድ ላይ ስታያት ዞር ብላ ታልፍ ነበር።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ይሄይስ ሁሉም ቀንቶት እንግሊዝኛው ብቻ እምቢ አለው። አባቴ «ምኑ ነው የከበደህ?» ሲሉት፣ «ማበላለጡ ነው አባ። በኛ 'ከ' ብለን እንገላገላለን፣ በነሱ ቃሉ ራሱ ጅራት ያበቅላል፣ ከኋላውም 'ዛን' የምትባል ትከተለዋለች። ይህስ ባልከፋ፣ አንዱን ማበላለጥ በሌላው ሆድ ይከቱታል» አለና መጽሐፉን ገልጦ አነበበ። እስከ ዛሬ ከራሴ አልወጣልኝም። «ዘ ቦይ ሁ ኢዝ ቶለር ዛን ሂዝ ብራዘር ኢዝ ሾርተር ዛን ሂዝ ፍሬንድ።» ከወንድሙ የሚረዝመው ልጅ ከጓደኛው ያጥራል፣ ማለት ነው አለ።

«ታዲያ ልጁ ረጅም ነው አጭር?» አልሁት።

«ከማን ጋር እንደ ቆመ ነዋ!» ብሎ ሳቀብኝ።

አባቴ ግን ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «በል እንደ ዜማው ያዘው። ገባኝ አልገባኝ አትበል፣ አፍህ ይልመደው። እናኑ ጆሮዋ ጥሩ ነው፣ እሷ ትስማህ» አሉ። እኔን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወንድሜን እንግሊዝኛ ያዥ ሆንሁ።

ጥቅምትና ኅዳርን እንዲህ አሳለፍን። ከትምህርት ቤት ሲመለስ እኔ ወደማጥብበት ይወርድና፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ያነብልኛል፣ እኔም በጆሮዬ ይዤ እመልስለታለሁ፤ ከያዝሁት በኋላ መጽሐፉን ዘግቶ እሱ በቃሉ ይላል፣ እኔ እጄ አረፋ ውስጥ ሆኖ አዳምጣለሁ። አንዲት ድምፅ ከጣለ እርጥቡን ልብስ ድንጋዩ ላይ ጧ! አደርግና «ወደቅህ! ከመጀመሪያው!» እለው ነበር።

«አንች ሀ ሁ የማትለይ፣ መምህሬ ሆነሽ አረፍሽው?»

«ባልለይም ጆሮ አለኝ። ይልቅ መልስ!»

ሳያውቀው ነገሩን ሁሉ በአባቴ ዜማ ነበር የሚለው፣ መጨረሻውን ስብ አድርጎ። አንድ በታንኳ እንጨት የሚያመላልስ ሰውዬ ባለፈ ቁጥር መቅዘፊያውን አቁሞ «መሪጌታ ልጁን ለፈረንጅ ዲቁና ሰጡት እንዴ?» እያለ ይስቅብን ነበር። ትርጉሙን እኔ አላውቀውም፣ አልጠይቅምም ነበር። ለጥምቀት ግን መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ማበላለጥ ሁሉ፣ አንዲት ሳላጎድል፣ ይዤው ነበር፤ ስኮራ ልብሱ እንኳ ይቀለኝ ነበር።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ይሄይስ ፈገግ እያለ ወረደ። መጽሐፉን ሳይገልጥ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ አንድ ነገር በእንግሊዝኛ አለ፤ መኻሉ ላይ ስሜን ሰማሁት።

«ይህ የለም!» አልሁ፣ ልብሱን ጧ አድርጌ።

«የለም፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። መምህራችን 'ከመጽሐፉ ውጡና የቤታችሁን ሰው አበላልጡ' ብሎን ነው።»

«ከየት አምጥተህ ትሠራለህ? ተወው፣ የያዝነው ይበላሽብናል!»

እውነቴን ነው፣ ፈርቼ ነበር። አንዷ ቃል ካንዷ ጋር ከተደበላለቀች ይወድቃል፣ ከወደቀ ይወስዱታል፤ የዚያን ጊዜው ሐሳቤ ይኸው ነበር። ማታ ራት ላይ ስንቀርብ ለአባቴ ነገርሁበት። አባቴ አልተቆጡትም፣ ጉርሳቸውን መልሰው አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ የቅኔ ሰዎች ብንሆን አዲስ አዲስ ትቀኝ ነበር። እኛ የዜማ ሰዎች ነን። እንደ ተቀበልነው፣ ሳንጨምር ሳንቀንስ እንመልሳለን። ፈተናው እስኪያልፍ ፈጠራውን ተው» አሉት። እሱም አቀርቅሮ «እሺ አባ» አለ። እናቴ ብቻ፣ «ልጁ እኮ ዛሬ ደስ ብሎት ነበር የመጣው» አለች፣ ለማንም እንዳልሆነ አድርጋ። ከዚያ ወዲያ ከመጽሐፉ የወጣ አንዲት ቃል ከአፉ አልሰማሁም።

ሚያዝያ ሲገባ ባሕሩ ሸሽቶ፣ ድንጋዬ ደረቅ መሬት ላይ ቀርቶ፣ ውኃውን ለማግኘት ጭቃ ውስጥ እገባ ነበር። በዚያው ሰሞን የቀበሌው ሰው ደብተሩን ይዞ እየዞረ ወጣት ሲመዘግብ እኛም ቤት መጣ። ይሄይስን ከእግር እስከ ራሱ አየው። አባቴ «ተማሪ ነው» አሉ።

«ተማሪነቱ እስከ ሰኔ ነው፣ መሪጌታ» አለና፣ የቀረበለትን ጠላ ጨርሶ አመስግኖ ወጣ።

ሰኔ ላይ ተፈተነ። በዝናብ በስብሶ ሲመለስ መንገድ ድረስ ሮጬ ተቀበልሁት።

«አያ፣ የያዝነው መጣልህ?»

«መጣ። ግን እንደ ነበረ አልመጣም» አለ። «ወንዱን ሴት አድርገውታል፣ ፊተኛውን ኋላ አድርገውታል፣ የሚያጥረውን አስረዝመውታል። ደግሞ ምርጫው አራት አራት ነው፣ ሁሉም ወንድማማች ይመስላል። ዜማው በጆሮዬ እየመጣብኝ ሌላውን አላሰማኝ አለ። የኛን የሚመስለውን እየፈለግሁ አከበብሁ።»

እኔም ሞኟ «የኛን የሚመስለው ከሆነማ ልክ ነው» አልሁት።

ክረምቱን ሙሉ ጠበቅን። ውጤቱ ጳጉሜ ላይ ተለጥፎ፣ ሄዶ አይቶ፣ ተመልሶ መጥቶ በራፉ ላይ ቆመና «አልፎኛል» አለ። እናቴ አለፈ መስሏት እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ፊቱን ስታይ በእጇ ከደነችው። አባቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ፣ የቅዳሴ ሰዓት እንኳ አልነበረም። እኔ አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥሁ። ሳይቆጣኝ፣ እንዲያውም ሳቅ ብሎ፣ «ያን ቀን ስታስቆሚኝ ምን ብዬ እንደ ነበር ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ከኔ የምታንሰው እህቴ እናኑ ከኔ ትጎብዛለች፣ ነበር ያልሁት። መምህሩ ለክፍሉ ሁሉ አንብቦልኝ ነበር፣ 'እንዲህ ነው እንጅ' ብሎ።»

ተነሥቼ ያልታጠበ ልብሱን ሰበሰብሁ። ዝናቡ ይዘንብ ነበር።

ጥቅምት ላይ ስሙ ተጠራ። እናቴ ዳቦ ቆሎ ቋጥራለት፣ አባቴ ግንባሩን ስመው መርቀውት፣ እኔ ያጠብሁትን አንድ ነጠላ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ከብዙ ልጆች ጋር መኪና ላይ ወጣ። በቁመቱ ከሁሉም ብቅ ብሎ ስለሚታይ ሩቅ ድረስ አየነው። አባቴ ከዚያ በኋላ ተማሪ ሲሳሳት እንደ ድሮው አይቆጡም ነበር፤ አንዳንዴም ዜማውን መኻል ላይ ያቆሙና፣ እስኪቀጥሉላቸው ተማሪዎቹ ሲጠብቁ እሳቸው ባሕሩን ያዩ ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው» አላሉም። እኔም አላልሁም።

መንግሥት ሲወድቅ ይሄይስ በእግሩ መጣ። አባቴ ቀድመው ሞተው አልደረሱበትም። ከስቶ፣ አንድ ጣቱ ተቆርጦ፣ በር ላይ ቆሞ «እህል አለ?» አለ። በኋላ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ፣ አገባ፣ ወለደ። አሁን ፋሲሎ ሰፈር ልጁ ቤት ነው፣ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል።

አንች አምና ሒሳብ ወድቀሽ መጣሽ፤ አለቀስሽ፣ ራትሽን በላሽ፣ ተኛሽ፣ ዘንድሮ ደግመሽ ተፈተንሽ። እኔ አምና የወደቅሽ ለት ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነው ያደርሁት፤ ማንም መጥቶ ለውትድርና አልጠራሽም። ይህን እያሰብሁ በማግስቱ ፋሲሎ ሄድሁና፣ አጠገቡ ተቀምጬ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣሁት።

«አያ፣ ያን ፈተና እኔ ነኝ ያበላሸሁብህ። የራስህን አላስወራህ ብዬ።»

«የምን ፈተና?» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁት። በልጅነታችን፣ ማንበብ የማልችል ሆኜ፣ አፉን ሳይከፍት ገና ትንፋሹን ሲስብ ይያዘው አይያዘው አውቅ ነበር። አሁን ግን ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ ረስቶት ይሁን ወይ ለኔ ብሎ የረሳ መስሎ፣ ማወቅ አቃተኝ።