ከመጽሐፍ ጀርባ የተሰለፉ ስሞች

አንኮበርን በለቀቅሁበት ምሽት ጉሙ ከመወፈሩ የተነሣ በቅሎዬ ጅራቷን አጥታ ዞራ ፈለገች። ጉም ይባረክ፣ የቀበሌ ጥበቃ አላየኝም። በአሊዩ አምባ ቁልቁል ወርጄ፣ በረሃውን ከግመል ነጋዴዎች ጋር አቋርጬ ጅቡቲ፤ ከዚያ ሐምቡርግ! ወገኖቼ፣ የዚህን አገር ብርድ የቀመሰ ጣርማ በርን ፍል ውሃ ብሎ ይጠራዋል። በዳቦአቸውማ ካብ ይካብበታል።

ሥራ ያገኘሁት መጻሕፍት በኮምፒውተር ከሚሰናዱበት ቤት ነው። በጽሑፉ መካከል ምልክት እየከተትን “ይህ ምዕራፍ ነው፣ ይህ አባሪ ነው” ብለን ለማሽኑ እንነግረዋለን፤ ዛሬ ኤክስኤምኤል የሚሉት የዚያ ልጅ ነው። ለእኔ የደረሰኝ የመጽሐፉ ጀርባ፣ ማለትም የመጨረሻ ገጾቹ ናቸው። አለቃዬ ወይዘሮ፣ በእነሱ አጠራር ፍራው፣ ክላራ ገና ከበሩ፣ “የሙከራ ጊዜህን ካላለፍክ ሥራም የለም፣ የመኖሪያ ፈቃድም የለም” አለችኝ።

“አባሪው ለብቻ፣ የቃላት መፍቻው ለብቻ፣ መጨረሻ ላይ የስም ማውጫ። በእያንዳንዱ ስም ሥር የሚገኝበትን ገጽ አስገባ።”

“ሰውየው የት እንደሚገኝ? ማነው የጠየቀ?”

“አንባቢ።”

“የየትኛው መሥሪያ ቤት አንባቢ?”

መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። እኔም አየኋት።

መጽሐፉ ደግሞ ስለ ሰሜን ሸዋ ሸማኔዎች! አንድ ፈረንጅ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የጻፈው። ሳገላብጥ አጎቴን፣ በርኖስ ሠሪውን ጋሽ ተሰማ ወልዴን አገኘኋቸው፤ በሕይወት ያሉትን ሰውዬ፣ ከነስማቸው፣ “አብዮቱ በርዶት ነው መሰል በርኖሴን ሁሉ ወሰደው” ሲሉ። መጽሐፉ አገር ቤት ቢገባስ? ካድሬ ያን ሁሉ ገጽ አያነብም፤ ማውጫው ግን እጁን ይዞ ይወስደዋል። ስማቸውን ልዝለለው ብል ማሽኑ “አንድ ስም ጎደለ” ብሎ አገር ያውካል።

ክላራ ከኋላዬ መጥታ፣ “የቤተሰብ ስም ይቅደም” አለች።

“እኛ የቤተሰብ ስም የለንም እመቤቴ። ሁለተኛው የአባታቸው ነው፤ አባትየውም ከሞቱ ቆይተዋል።”

“ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው።”

ሌላ ቀን ቢሆን ሰማይና ምድር አደበላልቅ ነበር። ያን ቀን ግን ጉልበቷን ልስም ምንም አልቀረኝ። በፈረንጅ ፊደል “ወ” ወደ መጨረሻው ነውና፣ “ወልዴ፣ ተሰማ” ብዬ ከማውጫው ግርጌ ወሸቅኋቸው። ተሰማን የሚሻ በተሰማ አያገኛቸው፤ ወልዴን የሚሻ መቃብር ይውረድ።

ሙከራውን አለፍኩ፤ መጽሐፉም ታተመ። ልቤ ግን አላረፈም፤ ካድሬውም እንደኔው ተጠራጣሪ የሸዋ ሰው ነው፤ በአባት ስምም ይፈልግ ይሆናል። ወደ ደብረ ብርሃን ደወልኩ፤ እህቴ የሺ ወደ ቴሌ ተጠርታ መጣች።

“የሺዬ፣ ጋሽ ተሰማ እንዴት ናቸው?”

 መስመሩ ላይ የሚያዳምጠን የሌላ ሰው ትንፋሽ የሰማሁ መሰለኝ።

“እሳቸውን ምን አስታወሰህ?”

“እንዲያው ናፍቀውኝ።”

“እኛስ አንናፍቅህም?” ብላ ሣቀች፤ የማላውቀው ሣቅ። ከዚያ ስለ ገብሱ ጀመረች፤ ስለ ቡቃያው፣ ስለ ዝናቡ፣ ደግሞ ስለ ገብሱ፣ ስልኩ እስኪቋረጥ ድረስ፤ የጋሽ ተሰማን ስም ግን አንዴም አላነሣችም።