ለእንግዳ ሲባል የሚያፈስ ጣሪያ

የዚያ ዘመን በጋ ሲነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለው አቧራው ነው። ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ ከምራቅ ጋር ይዋጣል፣ ታጥቦ የተሰጣ ልብስ ገና ሳይደርቅ መልኩን ይለውጣል። ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሲሆን አውሬው ሁሉ ከጫካ ወጥቶ ውኃ ዳር ይሰበሰባል። አውሬው ሲሰበሰብ ከባሕር ማዶ በጎ አድራጊዎቹ ይመጣሉ። ጽድቅም ለካ ወቅት አለው፤ በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፣ አንበሳም አይታይም፣ ስለዚህ በክረምት ድሀ የለም።

ፕሮግራሙ ሁልጊዜ ያው ነው። ጠዋት ሰው ያያሉ፣ ከሰዓት በኋላ አውሬ። ጣሪያቸው በሚከፈት መኪኖች አንገታቸውን አስግገው ይመጡና መጀመሪያ የሚወርዱት ልብስ ሰፊዋ ደጅ ነበር። አስጎብኚው የሟች እህቷ ልጅ ነዋ! አዝላ ያሳደገችው ልጅ፣ ኪሱ የበዛ ሰደርያ ለብሶ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ እንግዶቹ ሊገቡ ሲሉ ቀድሞ ይደርስና ቤቷን ያስተካክላል። ማስተካከል ማለት ማበላሸት ነው። የስፌት መኪናዋን ጆንያ ያለብሳታል። ከእናቷ አልጋ ላይ ደህናውን ብርድ ልብስ ገፎ ቡትቶውን ይጥልበታል።

«አክስቴ፣ እንዲህ ሲሆን አንጀት ይበላል» ይላታል።

«የማንን አንጀት?»

«የእነሱን ነዋ።»

«የእኔንስ አንተ በልተህ ጨርሰኸዋል።»

እናቷ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል፤ ምላሳቸው ግን አልተኛም። እንግዶቹ ዙሪያቸውን ሲከቧቸው፣ «እስቲ ጠጋ በሉ፣ ቁንጫዬን ተካፈሉ፤ ብቻዬን አልቻልኩትም» ይሏቸዋል። አስጎብኚው ፈገግ ብሎ፣ «እየመረቋችሁ ነው» ብሎ ይተረጉማል። እንግዶቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። አንዷ ታለቅሳለች። ሁልጊዜ አንዷ ታለቅሳለች።

«ከእኛ አንበሳው ይሻላል» ይላሉ አሮጊቷ፣ መኪኖቹ ሲሄዱ። «ደስ ሲለው ይታያል፣ ሲያስጠላው ቁጥቋጦ ውስጥ ለጥ ይላል። እኛ ቀርተን እናውቃለን?»

ነገሩ ሁሉ እንደ ጨዋታ በታለፈ፣ ጣሪያው ባይኖር። የሣር ክዳኑ አርጅቶ ወንፊት ሆኗል። ክረምት በገባ ቁጥር የአሮጊቷ አልጋ ከጥግ ጥግ ሲጎተት ይከርማል፣ ነጠብጣቡም እየተከተለ ያገኛቸዋል። «ሞትስ አልፈራም፤ ረጥቤ መሞትን ነው የምጠላው» ይሉ ነበር። ልጃቸው የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታ፣ ዓይኗን ለመርፌ ገብራ ቆርቆሮ ገዛች። ቆርቆሮው ግን ከጓሮ ተደርድሮ ቀረ። አስጎብኚው እግሯ ላይ ወድቆ፣ «እንግዶቹ ብቻ ይለፉልኝ» አላት። አለፉ፤ ክረምቱም ገባ። በሚቀጥለው በጋ ሌሎች መጡ፣ እሱም ያንኑ ልመና ይዞ መጣ። ጎረቤቱም ከእሱ ጋር አበረ። «አንቺ ቆርቆሮ ካለበስሽ እኛ ምን ልናሳይ ነው?» የሚሏት እነማን መሰሏችሁ? የራሳቸው ጣሪያ በፀሐይ የሚያብረቀርቅ ሰዎች።

አንድ በጋ መገባደጃ ላይ የእናቷ ሳል ደረት ውስጥ ገባ፤ ደመናውም ያለ ወትሮው ቀድሞ ጠቆረ። ልብስ ሰፊዋ ማንንም አላማከረችም። አናጢውን ጠራች።

መኪኖቹ ሲደርሱ አናጢው ከላይ ይመታል፣ እሷ ከታች ሚስማር ታቀብላለች። የስፌት መኪናዋ ጆንያዋን አውልቃ ደጅ ተቀምጣለች።

«አክስቴ! ጉድ ሠራሽኝ!» አለ ልጁ፣ ድምፁን ዋጥ አድርጎ።

«ዝም ብለህ ንገርልኝ። ቆርቆሮውን በዚህች መኪና ሰፍቼ የገዛሁት እኔ ነኝ በላቸው።»

ጣሪያውን አየ፣ እንግዶቹን አየ። ድንገት ፊቱ በራ። እጁን እያወናጨፈ ረጅም ነገር ተናገረ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ እርስ በርስ ተቃቀፉ፣ አንዷም አለቀሰች።

«ምን አልካቸው?»

«ያልሽኝን።»

«የእኔ እኮ አጭር ነበር።»

ያ ክረምት ሲገባ አሮጊቷ ከአልጋቸው ሆነው ጣሪያው ሲንጫጫ አዳመጡ። ፊታቸውን ዳሰሱ፤ ደረቅ ነው።

«ዝናቡ ወዴት ገባ?»

«ውጭ ቀረ፣ እማዬ።»

«ይበለው!» አሉ። ክረምቱ ሳይወጣ፣ እንደተመኙት ደርቀው አረፉ።

በጋው ሲመለስ አስጎብኚው በደማቅ ቀለም የተጻፈ ሰሌዳ ይዞ መጣና በሯ ላይ መታው፤ «ይህ ቤት በበጎ አድራጊ እንግዶቻችን ተሠራ» ይላል። ልብስ ሰፊዋ ነቅላ የዶሮ ቤት በር አደረገችው። ሌላ አምጥቶ መታ። እንግዶቹ እየመጡ ከነሰሌዳው ፎቶ ተነሱ፤ እሷንም መሐል አቁመው ሳቂ አሏት። ለካ ድሮ ሲያዝኑላት ይሻል ነበር፤ አሁን ኮሩባት።

አናጢውን መልሳ ጠራችው። ቆርቆሮውን አንድ በአንድ አስነቀለች፣ ከስፌት መኪናዋ ጋር የጭነት መኪና ላይ አስጭና ሄደች። ሰሌዳውን ግን አልነካችውም። የእነሱ ነዋ!

ቀጥለው የመጡት እንግዶች ባዶ ግድግዳና ሰሌዳ አገኙ። አስጎብኚው አንገቱን ደፍቶ፣ «ጣሪያውን አውሎ ነፋስ ወሰደው» አላቸው። አለቀሱ፤ ተረባርበውም አዲስ ቆርቆሮ አለበሱት። ከዚያ አንበሳ ሊያዩ ሄዱ። ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚኖር አንዳቸውም አልጠየቁም። አሁን ዶሮዎቹ ያድሩበታል።

ልብስ ሰፊዋ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ከተማ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ በዚያው ቆርቆሮ በተከደነች አንዲት ክፍል ነው። ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር።