የአባቴ ቀለሃ እና የስልኬ መብራት

አባቴ ከወታደርነት ዘመኑ ጀምሮ ያስቀመጣት ባዶ የዲሽቃ ጥይት ቀለሃ ዛሬ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ፣ ዓይኔ እያየ፣ ሽምብራ አክላ ቀረች።

ለልደቱ ቀለበት አሠርቼባት ላስደንቀው ብዬ ነበር። ሳልነግረው ከመሳቢያው ወሰድኳትና ጋሼ ሸምሱ ጋ ሄድኩ። ናስ ሲቀጠቅጡ ያረጁ ሰው ናቸው።

ጋሼ ግራና ቀኟን ቆርጠው ቀለበት አደረጓት። ለአባቴ ጣት ግን ትንሽ ጠበበች።

«እንዲሁ መትቼ ላስፋት ብል ትሰነጠቃለች። መጀመሪያ እሳት አይታ መለስለስ አለባት» አሉና በሩን ገርበብ አድርገው፣ አምፖሉን አጥፍተው ቀለበቷን እሳት ላይ አደረጓት።

እኔ ደግሞ ሥራውን በስልኬ እየቀረጽኩ ስለነበር፣ በዚህ ጨለማ ቪዲዮው ምን ሊታይ ነው ብዬ የስልኬን መብራት ቦግ አደረግኩት።

«አጥፊው እንጂ ልጄ፣ ቅላቷ አይታየኝም።»

«አንዴ ጋሼ፣ አሥር ሰከንድ ብቻ።»

ለካ ናስ ሲበቃው የሚያሳየው ቅላት በጣም ደብዛዛ ስለሆነ በጨለማ ካልሆነ አይለይም። በእኔ አሥር ሰከንድ ውስጥ ቀለበቷ ቀልጣ ድብልብል አለች።

ጋሼ እሳቱን አጥፍተው ድብልብሏን በጉጠት አነሷት። ከዚያ «ቪዲዮውስ ወጣልሽ?» አሉኝ።

ወጥቷል። ጥርት ብሎ።

እናንተስ ልቅረጽ ስትሉ ምን አበላሽታችሁ ታውቃላችሁ? ኮመንት ላይ አጫውቱኝ፤ ብቻ ሼር እንዳታደርጉ አደራ።

አባቴ ይኸው አሁን ቤቱን እያገላበጠ ቀለሃዋን ይፈልጋል። እኔም የስልኬን መብራት አብርቼ፣ አልጋ ሥር ገብቼ፣ አብሬው እየፈለግኩ ነው።