ሁለት ሳምቡሳ ቤት፣ አንድ ፈቃድ

ዘይት የጠጣ ወረቀት ጣቴ ላይ ሲጣበቅ የደሴ ጭጋግ ይመጣብኛል። ሰሞኑን አንዱ ዘመናዊ ምግብ ቤት «ከአባት ለልጅ፣ አምስት ቅርንጫፍ» ተብሎ በታተመ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝና ሳቅሁ። የእኛ ቤተሰብ ሁለት ነበረው፤ ያስከፈለንን ግን አላሳተምነውም።

ደርግ ነበር። አንዱ ሳምቡሳ ቤታችን ደሴ፣ ሌላው ኮምቦልቻ። ውስጡ ምስር ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቆሞ እፍ እያለ ይበላው ነበር። አንድ ቀን ከንግድ ጽሕፈት ቤት የመጣ ሹም «ለአንድ ቤተሰብ አንድ ፈቃድ፤ አንዱን ዝጉ» አለ። አብዮቱ የሳምቡሳ ከበርቴ ይህን ያህል ያሰጋው ነበር።

አባቴ መላ አገኘ፤ «በወረቀት እንፋታና ሁለት ቤተሰብ እንሁን።»

«አንተ ሰውዬ፣ በዚህ አይቀለድም» አለች እናቴ።

እሱ ግን ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄዶ ቃዲው ፊት «ፈትቻታለሁ» ብሎ ወረቀቱን ተቀበለና እየሳቀ ወጣ። ቃዲው ተከትለውት ወጡ። «ልጄ፣ ፍቺ በቀልድም ይጸናል። ሦስት ወር ሳይሞላ መልሳት፤ ካለፈ በእሷ ፈቃድ ነው።»

እናቴ በማግስቱ ኮምቦልቻ ወረደች። ቢመልሳት አንዱ ቤት ይዘጋል። ሽንኩርት ይዤላት ስወርድ፣ ሊጥ እየዳመጠች «አባትህ ምን አለ?» ትለኝ ነበር።

«ሹሙ ይቀየር ብቻ፣ ኢንሻአላህ ይላል።»

በአራተኛው ወር መጠየቁን ተወችው።

ብዙዎች ጥፋቱን ለደርግ ይሰጣሉ፤ ይቀላልና። እኔ ለአባቴ እሰጣለሁ። ሹሙ ሲቀየር አዲስ ሽርጥ አገልድሞ፣ ሽማግሌ አስከትሎ ወረደ።

«ሹሙ ሄደ እኮ!» አላት ገና ከበር።

«እሰይ። እኔን የፈታኝ ግን ሹሙ አይደለም።» ከዚያ ለሽማግሌዎቹ ወንበር አቀረበች። «በሞቴ ብሉ። ስለ ሌላው ግን አታድክሙኝ።»

ሁለቱም ቤቶች ሳይዘጉ ኖሩ። አባቴ በየሳምንቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በአውቶቡስ ቁልቁለቱን እየወረደ፣ ከፋብሪካ ሠራተኞች ጋር ወረፋ ይይዝ ነበር። እናቴ ለሌላው ሁሉ ከተቆለለው ታነሳለች። እሱ ዘንድ ስትደርስ ግን አዲስ ሊጥ ትጠቀልላለች፤ እስኪቀላ ድረስ ሁለቱም ዘይቱን ያያሉ። ጎረቤት ይቅርታ ነው ይል ነበር። አይመስለኝም። እሷ እሱን ማቆየት ትፈልግ ነበር፤ እሱም መቆየት።