እንዝርት የማይነካባቸው ቀናት

ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ስትመለስ ሥራችን ማስታወቂያ ማንበብ ሆነ። ሰኞ ሰኞ ዘመሮ ከተማ ሄደን ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ፊት እንቆማለን። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። እሷ ሰሌዳውን ሁሉ ስትጨርስ እኔ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነኝ።

«አባባ፣ የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት የሚል ካዩ ይንገሩኝ» ትለኛለች።

ሁሉም ልምድ ይጠይቃል። ሳይቀጥሯት ልምዱን ከየት ታምጣው? ይህን የጻፈው ሰው እናቱ ሆድ ውስጥ እያለ ነው የተቀጠረው?

በዚያው በጋ ተመራቂዎቹን አዳራሽ ሰብስበው ሥልጠና ሰጧቸው። ወላጆችም ኑ ተባልን። አሠልጣኙ ከከተማ የመጣ፣ ጫማው አቧራ ያልነካው ሰው ነው። «ሥራ ፈላጊ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» አለ። ገበያው አሁን ያለው ስልካችሁ ውስጥ ነው አለ። እጄን አወጣሁ።

«ጌታው፣ ሥራማ ስፈጥር ነው የኖርኩት። ያጣሁት ገዢ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። እሱም ሳቀና «ገዢውን ልጅዎ ትፈልግልዎታለች» ብሎ ወደ ሌላ ነገር አለፈ። እንደዚያ ነው የሚያልፉት። ልጄ ግን አልሳቀችም።

እኔ ባና ሸማኔ ነኝ። የጎረቤት ሴቶች የበጉን ጠጉር ይፈትላሉ፣ እኔ ለብርድ የሚለበስ ባና አድርጌ እሸምነዋለሁ። ውርጭ ሲጠና ሰው ይገዛኛል፤ የሰረቅኩት ዕቃ ይመስል አርክሶ፣ ሸማኔ ብሎ ንቆኝ። ልጄ አንዱን ጥቁር ባና የድንጋይ አጥር ላይ ዘርግታ በስልኳ ፎቶ ስታነሣ እናቷ «ምነው፣ ሙሽራ አደረግሽው!» አለቻት። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤታችን ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ነው። እዚያ ወጥታ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከጉብታው እየሮጠች ወረደች። አዲስ አበባ የእንግዳ ማረፊያ ሊከፍት ያለ ሰው አሥር ባና አዟል። መቼ ይደርሳል ሲላት ቀኑን ቆጥራ ነግራዋለች። ያቺ ትእዛዝ ከተሳካች እዚሁ ከእኛ ጋር ልትቀር ነው፤ ካልተሳካች እንደ ጓደኞቿ ዐረብ አገር መሄዷ ነው። ይህን በአፏ ባትለውም ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሦስቱን ከሸማ ዕቃው አወረድኳቸው። ከዚያ ድሩ እያለ ማጉ አለቀብኝ። ልጄ ወደ ፈታዮቹ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

«እትዬ፣ ነገ ተሰብስባችሁ ብትጨርሱልኝ» አለቻት ትልቋን ሴትዮ።

«ነገ ኪዳነ ምሕረት ናት፤ በሷ ቀን እንዝርት ልታስይዥን ነው?»

«ሰውየው እየጠበቀኝ ነው።»

«ይጠብቃ! እሱን ብለን ኪዳነ ምሕረትን እናስጠብቃት?» ሌላዋ ተቀበለቻት፤ «ዩኒቨርሲቲው ቅዳሜንም የሥራ ቀን አድርጎታል መሰለኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ልጄ ፊቷ ተለዋወጠ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ለሰውየው ቀኑን ስትቆጥር ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን ሁሉ የሥራ ቀን አድርጋቸዋለች። እዚሁ ያደገች ልጅ እንደ ከተማ ሰው ቆጠረች።

«መንገድ ተበላሸ በይው» አልኳት። «መኪና ጠፋ በይው። ነጋዴ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።»

«አልዋሽም አባባ።»

ጉብታው ላይ ሆና ስትደውል አጠገቧ ቆሜ ነበር። «አይደርስም ጌታዬ… ሴቶቹ በበዓል አይፈትሉም… የእኔ ስሕተት ነው… ሦስቱ ግን አልቀዋል።» ከዚያ የሚላትን አዳመጠች። ስልኩን ስትዘጋ «የፋብሪካ ብርድ ልብስ እገዛለሁ አለ» አለችኝ። ሥልጠናው ላይ ይህ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ሲሉ አልሰማሁም።

ሰኞ ለዘመሮ መንገድ ተነሣሁ፤ ልጄ ቤት የለችም። ጉብታው ላይ አገኘኋትና ስልኩን ሰጠችኝ። እንደ ልማዴ ጣቴን ባስቀምጥ ጽሑፉ ሽሽት ጀመረ።

«ሳይነኩ ያንብቡ አባባ።»

ከባናው ፎቶ ሥር እንዲህ ጽፋለች፦ «በእጅ የተፈተለ። በበዓላት፣ ቅዳሜና እሑድ አይፈተልም። መታገሥ የሚችል ብቻ ይዘዝ።»

«እንዲህ እያልሽ ማን ሊገዛሽ?»

«እንጃ። እርስዎ ሰሌዳውን ያንብቡልኝ፤ ዜሮ ዓመት ካለ ይደውሉ።»

ብቻዬን ሄድኩ። ዛሬ ደግሞ አለ! ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ትምህርቱ የእሷው፣ ልምድ ዜሮ ዓመት፣ ቦታው ከቤት ራቅ ብሎ ዓለም ከተማ። ደወልኩ።

«ተገኘ» ብዬ ነገርኳት።

የጉብታው ነፋስ በስልኩ ይሰማኛል።

«አባባ፣ አንዲት ሴት ፎቶውን አይታ ሦስቱንም ገዛችና አራተኛ ጨመረች። እታገሣለሁ ብላለች። አራተኛው መቼ ይወርዳል?»

ማስታወቂያውን እንደገና አየሁት። ደመወዝም አለው።

«ነገ ማርያም ናት» አልኳት። «ከነገ ወዲያ ማግ ካገኘሁ እጀምረዋለሁ።»